እትዬና ያልተከፈተው ፖስታ

  

ባለፈው ሳምንት ከዘጠኝ ዓመት ልጄ ጋር በቶሮንቶ መሀል ከተማ፣ ዮንግና ኩዊን መንገዶች በሚገናኙበት ትልቁ የሀድሰንስ ቤይ ሕንፃ ፊት ለፊት አለፍን። ድሮ ገና ሲደርስ መስኮቶቹ ውስጥ የሚደረደሩትን አሻንጉሊቶች ለማየት የምንመጣበት ቦታ ነው። ልጄ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ወደ ውስጥ አየችና፣ «ማሚ፣ ዕቃው ሁሉ የት ሄደ?» አለችኝ።

«ተሸጠ፤ ሱቁ ተዘጋ» አልኳት።

ትንሽ አሰብ አደረገችና፣ «እሺ፣ እዚያ ይሠሩ የነበሩት ሰዎችስ የት ሄዱ?» አለች።

ስለ ዕቃው መመለስ ቀላል ነው። የሰዎቹ ጥያቄ ግን እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ። የዚህ ወር ወጋችንም እሱ ነው።

የ355 ዓመት ሱቅ

ሀድሰንስ ቤይ ተራ ሱቅ አልነበረም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1670 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ በሰጡት ፈቃድ ነው የተቋቋመው። ካናዳ ራሷ አገር የሆነችው በ1867 ስለሆነ፣ ሱቁ አገሪቱን በ197 ዓመት ይበልጣታል ማለት ነው! የመጀመሪያ ሥራው የቢቨር ቆዳ ንግድ ነበር። የአገሬው ተወላጆች ቆዳውን ያመጣሉ፤ በምትኩ ድስት፣ ቢላዋና ብርድ ልብስ ይወስዳሉ። ቆዳው አውሮፓ ተሻግሮ ባርኔጣ ይሆናል። ያ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሰማያዊ መስመር ያለበት ነጭ ብርድ ልብስ ከዚያ ዘመን የመጣ ነው።

ታሪኩ ግን ሁሉም የሚያኮራ አይደለም። ንጉሡ ዛሬ ካናዳ ከምንለው ምድር ሲሶ ያህሉን ለኩባንያው ሰጡት። በኋላም በ1870 መሬቱ በ300,000 ፓውንድ ወደ ካናዳ ተላለፈ። እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ባለ አገሮች ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

ይህ ሁሉ ዘመን ያለፈበት ኩባንያ በማርች 2025 ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ይዞ ፍርድ ቤት ቀረበና ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ጠየቀ። ሊተርፍ አልቻለም። 80 የቤይ ሱቆችና 16 የሳክስ ሱቆች ያላቸውን ሸጠው ጁን 1 ቀን በራቸውን ዘጉ። ከ8,000 በላይ ሠራተኞች ሥራቸውን አጡ። ባለ መስመሩ የንግድ ምልክት በ30 ሚሊዮን ዶላር ለካናዲያን ታየር ተሸጠ። ስሙና ቀለሙ ገዢ አገኙ፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉት ሠራተኞች ግን የስንብት ክፍያ እንኳ ሳይሰጣቸው ወጡ።

የመጀመሪያው አይደለም

ካናዳ ውስጥ የቆያችሁ «ኢተንስ»ን ታስታውሱ ይሆናል። ባለቤቱ ቲሞቲ ኢተን እንደ እኛው ስደተኛ ነበር፤ ከአየርላንድ ነው የመጣው። በ1869 ቶሮንቶ ላይ ሱቁን ሲከፍት አዲስ ነገር ይዞ መጣ፦ ዋጋው አንድ ነው፣ ክርክር የለም፣ ዱቤ የለም፣ ዕቃው ካላስደሰተህ ገንዘብህ ይመለሳል። መርካቶ «መጨረሻው ስንት ነው?» ስንል ላደግን ሰዎች ይህ ዛሬ ተራ ነገር ይመስላል። ያኔ ግን እዚህም ሰዉ ይከራከር ነበርና ሁሉም ገረመው። ከ1884 ጀምሮ ደግሞ ካታሎግ እያተመ ገበሬው እርሻው ላይ ሆኖ በፖስታ እንዲገዛ አደረገ። አሁን በስልካችን የምናዘው ነገር የልጅ ልጁ ነው። ያም ሆኖ ኢተንስ በ1999 ከስሮ ተዘጋ። የቀረው ቶሮንቶ ባለው ሞል ላይ ያለው ስሙ ብቻ ነው።

ከአሜሪካ የመጣው ታርጌት በ2013 ገብቶ 133 ሱቅ ከከፈተ በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላው «እወጣለሁ» አለ፤ 17,600 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። ሲርስ ካናዳ በጃንዋሪ 2018 የመጨረሻ ሱቆቹን ዘጋ። ኖርድስትሮም በ2023 ተከተለ።

ለምን? ብዙዎቻችን «ኦንላይን ነው የገደላቸው» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን በሽታው ከዚያ በፊት ጀምሯል። ዲፓርትመንት ስቶር ማለት ሁሉንም ነገር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጥ ነው። ዋልማርት በ1994 ወደ ካናዳ ሲገባ ርካሹን ዕቃ ወሰደ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ቴሌቪዥኑን፣ የፈርኒቸር ሱቆች ሶፋውን፣ የመዋቢያ ሱቆች ሽቶውን ወሰዱ። እንጀራው ዳር ዳሩን ሲቆረስ ቆይቶ መሀሉ ብቻ ቀረ። ኮቪድ ሲመጣ ሰዉ መሀል ከተማ መሄድ ተወ። በዚህ ላይ ዕዳ ሲጨመርና ሕንፃው ሳይታደስ ሲቀር መጨረሻው ይታወቃል።

እኛ መጤዎች ደግሞ የራሳችን ሐዘን አለን። ብሉርና ባተርስት ላይ የነበረውን «ኦነስት ኤድስ» ማን ይረሳዋል? ባለቤቱ ኤድ ሚርቪሽ የስደተኞች ልጅ ነበር። ከ1948 እስከ 2016 መጨረሻ ድረስ አዲስ ለገባ ሰው የመጀመሪያውን ድስት፣ የመጀመሪያውን አንሶላ የሸጠ ሱቅ ነው። እኔም የመጀመሪያውን ክረምት ያለፍኩት ከዚያ በገዛሁት ጓንትና የሱፍ ካልሲ ነው። የቡና ሲኒ ስፈልግ አንዲት የፖርቱጋል አሮጊት እጄን ይዘው የት እንዳለ አሳይተውኛል። እንግሊዝኛ እሳቸውም አይችሉ፣ እኔም አልችል! ዛሬ ቦታው ላይ አፓርታማ ቆሟል።

አሁን ወደ እትዬ

በአንድ ሕንፃ ውስጥ የምንኖር ጎረቤት አሉን። ስማቸውን አልጠራም፤ እኛ «እትዬ» ነው የምንላቸው። የአንድ ትልቅ መደብር አልጋ ልብስና ፎጣ ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ቆመው ሠርተዋል። ሁለት ልጆች አስተምረዋል፤ አገር ቤት ያሉ እህታቸውንም ረድተዋል። መደብሩ ሲከስር የመጨረሻውን ፎጣ አጣጥፈው፣ የስም ባጃቸውን አስረክበው ወጡ።

ከዚያ በኋላ ቤታቸው ተዘጋ። ቡና ስንጠራቸው «ራሴን አሞኛል» ይሉናል። አንድ ቀን ልጄን ይዤ ምስር ወጥ አደረስኩላቸው። ጠረጴዛው ላይ የፖስታ ክምር አለ፤ ግማሹ አልተከፈተም።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ተይው ልጄ፣ ማስታወቂያ ነው። ደግሞ ከእነሱ የሚመጣ ወረቀት ማየት አልፈልግም። 19 ዓመት ሙሉ ስሜን እንኳ አስተካክለው አልጠሩኝም።»

ልጄ አንዱን አንሥታ፣ «እትዬ ልክፈተው?» አለች። ዝም አሉ። ከፈተችው። ከኪሳራ አስፈጻሚው የተላከ ነበር። መደብሩ ስንት ዶላር እንደሚቀርባቸው ይዘረዝራል፤ መንግሥት ከዚያ የተወሰነውን የሚከፍልበት ፕሮግራም እንዳለ፣ ማመልከቻው ደግሞ የመጨረሻ ቀን እንዳለው ይናገራል። ቀኑን ቆጠርነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቷል!

በዚያው ምሽት ወጡን እየበላን ፎርሙን ሞላን። ልጄ ታነባለች፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ እትዬ ይመልሳሉ። ከሳምንታት በኋላ ገንዘቡ ገባ። የሚገባቸውን ሁሉ አልነበረም፤ ግን የቤት ኪራይ ከፍሎ መተንፈሻ ሰጣቸው። በማግሥቱ ራሳቸው ቡና ጠሩን።

ስለዚህ ልጄ «ሰዎቹስ የት ሄዱ?» ስትለኝ መልሱ ይኸው ነው፦ አንዳንዶቹ እዚሁ ናቸው፤ በራቸውን ዘግተው ጎረቤታችን ተቀምጠዋል።

እንድታውቁት

መሥሪያ ቤታችሁ ከከሰረ፦

- ፖስታውን ክፈቱ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ለሚያነብላችሁ ስጡ። ማፈር አያስፈልግም።

- ለሥራ አጥነት ድጎማ፣ ማለትም ለኢ አይ፣ ሥራ ባቆማችሁ በአራት ሳምንት ውስጥ አመልክቱ። አር ኦ ኢ የሚባለው ወረቀት እስኪመጣ አትጠብቁ። በ2025 ከፍተኛው ክፍያ በሳምንት 695 ዶላር ነበር።

- ቀጣሪው ከስሮ ደመወዝ፣ የዕረፍት ቀን ክፍያ ወይም የስንብት ክፍያ ከቀረባችሁ፣ ዌፕ የሚባል የፌዴራል ፕሮግራም አለ። በ2025 እስከ 8,844 ዶላር ይከፍል ነበር። የማመልከቻው ጊዜ 56 ቀን ስለሆነ፣ አባቶች እንዳሉት «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ»።

- የኩባንያ ጡረታ ካላችሁ ተስፋ አትቁረጡ። ሲርስ ሲዘጋ ጡረተኞች ከሌሎች አበዳሪዎች ኋላ ተሰልፈው ጡረታቸው ተቀነሰ። እነሱም ዝም አላሉም። በ2023 በወጣውና ከኤፕሪል 2025 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት የጡረታው ጉድለት ከባንኮቹ ቀድሞ እንዲከፈል ተደርጓል።

ገዢ ከሆናችሁ ደግሞ፦

- ጊፍት ካርድ ማለት ለሱቁ ያበደራችሁት ገንዘብ ነው። ኦንታሪዮ ውስጥ በሕግ የማብቂያ ቀን የለውም፤ ሱቁ ሲከስር ግን ሕጉ አያድናችሁም። ቤይ ከኤፕሪል 6 ቀን 2025 በኋላ ጊፍት ካርድ አልተቀበለም። መሳቢያ ውስጥ ያለውን ዛሬውኑ ተጠቀሙበት።

- «ሊዘጋ ነው» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ስታዩ አትሩጡ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለው ቅናሽ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ካለው ዋጋ አይሻልም። የገዛችሁትንም መመለስ አትችሉም።

- ከፍላችሁ ዕቃው ካልደረሰ፣ በክሬዲት ካርድ ከሆነ የገዛችሁት ወዲያው ባንካችሁ ጋ ደውሉ።

ለልጆች

እስቲ ይህን ሥሩ፦ ሱቁ በ1670 ተቋቁሞ በ2025 ከተዘጋ ስንት ዓመት ኖረ? መልሱ ከላይ ተደብቋል፤ ፈልጉት! ሁለተኛው የቤት ሥራ ከሒሳብ ይከብዳል። በዚህ ሳምንት አንድ ትልቅ ሰው፣ አያት ወይም ጎረቤት ጋ ሂዱና፣ «የማነብልዎ ደብዳቤ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። እንግሊዝኛችሁ እንዲህ ላለ ቀን ነው።

ወር ሰው ይበለንና በሌላ ወግ እንገናኝ። ደህና ሰንብቱ!