ስፖርት ሠርቶ ጦም ማደር ለምን?

በአሁኑ ጊዜ በግቢያችን ስፖርት የሚሠራው ተማሪ ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ቀን ክፍልና ላብራቶሪ ስለሚይዘው አብዛኛው ጂም የሚገባው ማታ ነው። ይህ የሚያስመሰግን ነገር ነው። የሚያሳስበው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቦርጭ ለማጥፋት የሚሠራው ልጅ ከምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ላቡን ጠርጎ ይወጣና ውኃ ብቻ ጠጥቶ ጦሙን ያድራል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ማታ የተበላ ሁሉ ስብ ይሆናል»።

እውን ይሆናል? እኔ አይመስለኝም። ሰውነታችን ሰዓት ጠብቆ ምግብን ወደ ስብ የሚቀይር ማሽን አይደለም። ስብ የሚከማቸው በቀናትና በሳምንታት ውስጥ የምናስገባው ጉልበት ከምናወጣው ሲበልጥ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይይዛል። እንግዲህ አንድ እራት አያወፍርም፤ አንድ እራት መዝለልም አያከሳም ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ጡንቻ ነው። ብረት ያነሳ ሰው ጡንቻው የሚጠገነው ካረፈ በኋላ ነው፤ ለጥገናው ደግሞ ፕሮቲን ያስፈልጋል። በ2012 እ.ኤ.አ. የኔዘርላንድስ የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማታ ስፖርት ለሠሩ 16 ወጣት ወንዶች ጥናት አድርገው ነበር። ከመተኛታቸው በፊት 40 ግራም የወተት ፕሮቲን የጠጡት፣ ካልጠጡት ይልቅ ሌሊቱን ጡንቻቸው በተሻለ ሁኔታ ሲገነባ ታይቷል። ምግብ ቀንሶ ፕሮቲንም የሚያጣ ሰው ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ቀንሶ ሊያይ ይችላል፤ የቀነሰው ግን ስቡ ብቻ ሳይሆን የለፋበት ጡንቻም ጭምር ነው። ታዲያ ይሄ ትርፍ ነው ኪሳራ?

«ማታ መብላት ጉዳት የለውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ሐቁን ለመናገር አለው። በ2022 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ቦስተን በሚገኘው ብሪገም ኤንድ ዊሜንስ ሆስፒታል የተሠራ ጥናት ውፍረት ያላቸውን 16 ሰዎች ተከታትሏል። ያንኑ ምግብ 4 ሰዓት ያህል አዘግይተው ሲበሉ ረሃባቸው ጨምሯል፣ ሰውነታቸው የሚያቃጥለው ካሎሪም ቀንሷል። ልብ በሉ! እዚህ የዘገየው የቀኑ ምግብ በሙሉ ነው። ከዚህ የምንማረው የቀኑን ምግብ ሁሉ ወደ ማታ አለመግፋትን እንጂ ጦም ማደርን አይደለም። ቁርስና ምሳን በሥርዓቱ በልቶ፣ ለማታ ቀለል ያለ እራት ማስቀረት ነው የሚሻለው።

ጦሙን ያደረ ተማሪ ጠዋት 2 ሰዓት ክፍል ሲገባ ዓይኑ ይፈዛል፣ ሆዱ ይጮሃል። እረፍት ሲሆን ደግሞ ሩጫው ወደ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ ነው። ማታ አተረፍኩ ያለውን ካሎሪ ጠዋት በዘይት ይመልሰዋል።

ታዲያ ምን ይበላ? ሁለት የተቀቀለ እንቁላል 12 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። በጾም ወቅት ደግሞ ምስር አለልን፤ 100 ግራም የበሰለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል። ከግማሽ እንጀራና ከትንሽ ጎመን ጋር ሲሆን በቂ እራት ነው። መጠንቀቅ ያለብን ከሰዓቱ ይልቅ ከዘይቱ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ አለው።

በመጨረሻም ለሚመለከታቸው ሁሉ አንድ ሐሳብ አለኝ። ካፌያችን የሚዘጋው የማታው ሰልጣኝ ከጂም ሳይወጣ ነው። ገንዘብ ያለው ውጭ ይበላል፤ የሌለው ግን ወዶ ሳይሆን ተገዶ ነው ጦሙን የሚያድር። አስቀድሞ ለተመዘገበ ተማሪ እራቱ በሳህን ተከድኖ ቢቆይለት ምን ይጎዳል? ዲፓርትመንታችንም ጉዳዩን ይዞ ካፌውን ቢያነጋግርልን መልካም ነው። ስፖርት የምንሠራው ጤናችንን ለመጠበቅ እንጂ ራሳችንን ለመቅጣት አይደለምና!

ቸር እንሰንብት።