ዳኛውም ይታረም

ቅዳሜ ምሽት በቴሌቪዥን የተላለፈውን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጥያቄና መልስ ውድድር ያያችሁ ንዴቴ ይገባችኋል። ጥያቄው የራስ ዳሽን ተራራ ከፍታ ስንት ነው የሚል ነበር። ሦስቱ ልጆች ራስ ለራስ ገጥመው ተንሾካሾኩና መሐል የተቀመጠችው «4,550 ሜትር» አለች። «ተሳስታችኋል፤ 4,620 ነው» አላት ዳኛው። «መምህር፣ እሱ እኮ የድሮው…» ብላ ስትጀምር ማይክሮፎኑ ወደ ተጋጣሚው ቡድን ዞረ።

4,620 እኛ ተማሪ ሳለን ደብተራችን ላይ የጻፍነው ቁጥር ነው። ኋላ የተደረጉ ልኬቶች ዝቅ አድርገውታል፤ 4,550 የሚሉ አሉ፣ 4,533 የሚሉም አሉ። ልጅቷ ከክፍሏ መጽሐፍ አልፋ አንብባለች ማለት ነው። እኔ ይህን ውድድር የምወደው እኮ እንዲህ ያሉ ልጆችን ስለሚያሳየኝ ነው። ተማክረው፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ጥሎ፣ ተስማምተው መልስ ሲሰጡ ማየት ደስ ይላል።

ጥያቄዎቹም ማሰብን የሚፈትኑ ይሁኑ፤ ስለ ሽምደዳ ደጋግሜ ጽፌአለሁ፣ አሁንም አልተውም። ሉሲ በ1967 መገኘቷን መጠየቅ ቀላል ነው። በሁለት እግሯ ትሄድ እንደነበር በምን ታወቀ ብሎ መጠየቅስ? ዳሌዋንና የጭን አጥንቷን ያሰበ ልጅ፣ ባይሸመድድም እንኳ መልሱ ጋ ሊደርስ ይችላል።

ልጆቹ ዳኛውን ይሞግቱ ስል «የአየር ሰዓት አይበቃም» የሚሉኝ አሉ። ለስፖንሰሩ ማስታወቂያ ሲበቃ አይተናል። «ልጅ ከዳኛ ጋር አይከራከርም» የሚሉም አሉ። ይህ አገር በተጠየቅ ሙግት ያደገ አገር ነው፤ ዳኛ ፊት ቆሞ መከራከር ነውር ሆኖ አያውቅም።

ልጅን ያለማዳመጥ ነገር ከአንድ ምሽት ውድድር ያልፋል። በ1997 ገደማ በየክፍሉ የፕላዝማ ቴሌቪዥን የተሰቀለበትን ጊዜ አስታውሱ። በስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ራሱ ተናግሮ ያልፋል። «አልገባኝም» ብሎ እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያይለት አልነበረም። የክፍሉ መምህርም ከተማሪው ጋር አብሮ ተመልካች ሆኖ ነበር። ልጅን የማያዳምጥ ትምህርት ያኔ ሥር ሰደደ ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አልለቀቀንም። በ2014ቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ሁሉ «ልጆቹ አያነቡም» ብሎ ፈረደባቸው። ይኸው አንብባ የመጣች ልጅ! ምን አደረግናት?

ለአዘጋጆቹ የምለው አጭር ነው። ተወዳዳሪዎች መልስ የመቃወም መብት ይኑራቸው። ቡድኑ ማስረጃውን ያቅርብ፣ ዳኞች ያጣሩ፣ ውሳኔው በሚቀጥለው ሳምንት ከውድድሩ በፊት ይነበብ፤ የሚመለስ ነጥብ ካለም ይመለስ። ለዚህ ሁለት ደቂቃ ይበቃል። አዋቂ ሰው በአገር ፊት «ልክ ናችሁ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» ሲል ያየ ተማሪ ለአሸናፊ ከሚሰጠው ዋንጫም ላፕቶፕም የሚበልጥ ትምህርት ይዞ ይሄዳል፤ ማንበብና መጠየቅ ዋጋ እንዳለው በዓይኑ አይቷልና።