ስሙን ሳይነጥቁ ማሳደግ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 የሱዳን ተዋንያን በካን የፊልም ፌስቲቫል ቀይ ምንጣፍ ላይ ሲራመዱ ካርቱም በመድፍ ትናጥ ነበር። የሱዳን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል የገቡበት ጦርነት ከተጀመረ አንድ ወር አለፍ ብሎታል። የሞሐመድ ኮርዶፋኒ «ደህና ሁኚ ጁሊያ» በካን ይፋዊ ምርጫ የተካተተ የመጀመሪያው የሱዳን ፊልም ሆነና የነጻነት ሽልማት ይዞ ወጣ። ካርቱም ላይ ግን የሚታይበት አዳራሽ ቀርቶ፣ ተመልካች ይሆን የነበረው ሕዝብ ራሱ ፍራሹን በመኪና ጭኖ ከተማውን እየለቀቀ ነበር።

ታሪኩ የሁለት ሴቶች ነው። ሞና ሰሜናዊት ናት፤ የደላት፣ ባሏ ዘፈን ያስተዋት፣ ልጅ የሌላት። ጁሊያ ደቡባዊት ናት፤ ያላት ባሏና አንድ ወንድ ልጇ ብቻ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. 2005 ነው፤ የደቡቡ መሪ ጆን ጋራንግ በሄሊኮፕተር አደጋ ሞቶ ካርቱም በሁከት የታመሰችበት። ሞና በመኪናዋ የጁሊያን ልጅ ትገጫለች፣ ደንግጣም ትሸሻለች። አባትየው በሞተር ብስክሌት ይከተላታል። የሞና ባል ሰውየውን በጥይት ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ ሞና የሟቹን ሚስት ፈልጋ በቤት ሠራተኝነት ትቀጥራለች፣ ልጁን ታስተምራለች፣ ሁለቱንም ትንከባከባለች። የሠራችውን ግን አትናገርም።

ሞና ክፉ ሴት አይደለችም፤ ፊልሙን ለማየት የሚከብድ ያደረገውም ይኸው ነው። ልጁን ታበላዋለች፣ ታለብሰዋለች፣ ከልቧ ትወደዋለች። ይህ ሁሉ ፍቅር ግን አባቱ እንዴት እንደሞተ በማያውቅ ልጅ ላይ የተሠራ ነው። የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ የሚመኝ ሁሉ፣ ካርቱምም ይኑር ኮተቤ፣ ይህን ፊልም ቢያየው አይከፋም።

ካርቱም ውስጥ ፊልም የሴቶችም ጉዳይ ነው። ሱዳናውያን ከጥንት ጀምሮ የሕንድ ፊልም ወዳጆች ናቸው፤ በዚህስ ከእኛ እናቶች ብዙም አይለዩም። የሕንድ ሲኒማ ደግሞ የጠፋ ልጅና ያሳደገ እናት ታሪክ አይሰለቸውም። «አራድና» በተባለው የ1969 ፊልም በድብቅ ያገባችው ሰው የሞተባት ሴት፣ ነገ መጥታ በሕግ ልትወስደው አስባ የወለደችውን ልጅ ሕፃናት ማሳደጊያ በር ላይ ትተዋለች፤ ቀድመው ሌሎች ባልና ሚስት ይወስዱታል። እናትየው የገዛ ልጇን በሞግዚትነት ታሳድጋለች። በ1977ቱ «አማር አክባር አንቶኒ» ደግሞ ሦስት ወንድማማቾች ተበታትነው አንዱ በሂንዱ፣ አንዱ በሙስሊም፣ አንዱ በክርስቲያን ቤት ያድጋሉ። እነዚህ ፊልሞች ከሦስት ሰዓት ልቅሶና ዘፈን በኋላ መጨረሻቸው አንድ ነው፦ የተደበቀው ይወጣል፣ ሰው ማን እንደወለደው ያውቃል። እንባውን የሚያወርደውም ያ ትዕይንት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኦማር አልበሽር በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ሲይዝ ሲኒማ ቤቶቹ አንድ በአንድ ተዘጉ፤ ፊልሙም ከአዳራሽ ወደ ሳሎን ገባ። በ2019 የወጣው «ስለ ዛፎች ማውራት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም አራት አዛውንት የሱዳን ፊልም ሠሪዎች ኦምዱርማን ውስጥ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል። ቢሮ ለቢሮ ተንከራተው አልሆነላቸውም።

ሳሎኑ ደግሞ የእናት ግዛት ነው። ከጦርነቱ በፊት የነበረው የካርቱም ቤት ቀን በወተት ሻይ ይጀምር ነበር። ቁርስ የሚባለው እስከ ረፋዱ አራት ሰዓት ይቆያል፤ ፉል፣ ነጭ አይብ፣ ሽንኩርት፣ የሰሊጥ ዘይት። ምሳው ከሰዓት በኋላ ገፋ ሲል ይመጣል፤ ከማሽላ ሊጥ የተጋገረ ስስ ኪስራ፣ ሙላህ ከሚሉት ወጥ ጋር። እንጀራ ጋጋሪ ሴት ኪስራ ሲጋገር ብታይ እጇ ሥራውን ወዲያው ያውቀዋል። ፀሐይ ሲበርድ ግቢው ውኃ ይረጫል፣ የገመድ አልጋው ከቤት ይወጣል፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና በጀበና ይቀርባል። ልጆቹ የቤት ሥራቸውን እዚያው አልጋ ላይ ይሠራሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ሰማይ እያየ ያወራል።

በዚህ ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የእኛ ሰው ነበረች። በመተማ ተሻግረው ካርቱም የገቡ ሐበሻ ሴቶች የሰው ቤት ሠርተዋል፣ መንገድ ዳር ሻይና ቡና ሸጠዋል፤ ዴይም የተባለው ሰፈር በእነሱ ምግብ ቤቶች የታወቀ ነበር። ከመካከላቸው የወለዱትን ልጅ ለአያቱ ትተው የካርቱምን ልጅ ያሳደጉ አሉ። ያ ልጅ በማን እጅ እንደበላ ያውቃል፤ ሠራተኛዋም እናቱ ነኝ አላለችውም። ሞና ያልቻለችውን ግልጽነት እነዚህ ሴቶች በየቤቱ ሲኖሩት ኖረዋል፤ ለዚህ ያመሰገናቸው ሰው ግን ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ማይጎማ እንሂድ። ማይጎማ በካርቱም የነበረ የመንግሥት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው፤ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1961። እዚያ ይገቡ የነበሩት አብዛኞቹ ወላጆቻቸው በሕይወት ያሉ ልጆች ነበሩ። ያለ ጋብቻ ተወልደው፣ ውርደት በፈራች እናት ወይም በፈራ ቤተሰብ መንገድ ላይ፣ መስጊድ ደጃፍ ወይም ሆስፒታል የተተዉ ናቸው። ዩኒሴፍ እንደመዘገበው ከ1998 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት ወደ ማይጎማ ከገቡ 2,500 ያህል ሕፃናት 2,100 ያህሉ ሞተዋል። ያኔ ከተማው ላይ መድፍ አልተተኮሰም። ሰላም በነበረበት ካርቱም፣ ጣሪያና ወተት ባለበት ቤት ነው የሞቱት።

ለምን? ጨቅላ ሕፃን በየሦስት ሰዓቱ መጥባት አለበት፤ ሲያስመልሰው የሚያቀናው፣ ሲያተኩሰው ቶሎ የሚያውቅበት ሰው ይፈልጋል። አንዲት ሞግዚት አንድ ክፍል ሙሉ ሕፃን ተረክባ ይህን ልታደርግ አትችልም። ቤት ያለች እናት የልጇን የለቅሶ ድምፅ ለይታ ታውቃለች፤ ተቅማጥ ሲይዘው በዚያው ሰዓት ትደርስበታለች። ማይጎማ ያጣው ይህንን የአዘቦት ቀን ነው፤ ሻይ የሚፈላበትን፣ ጎረቤት ገብቶ «ልጁ ዛሬ ምነው ፈዘዘ?» የሚልበትን።

ከ2003 ጀምሮ የሱዳን መንግሥት ከዩኒሴፍና ከሌሎች ድርጅቶች ጋር ሆኖ ሕፃናቱን ወደ ቤተሰብ ማስተላለፍ ጀመረ። መጀመሪያ የድንገተኛ ጊዜ ተቀባይ ቤተሰቦች ተመለመሉ፣ ሠለጠኑ፣ ድጎማ ተሰጣቸው፤ ከዚያ ቋሚ አሳዳጊ ተፈለገ። ትልቁ እንቅፋት ኃፍረቱ ነበር። «የኃጢአት ልጅ» ማን ቤቱ ያስገባል? የሃይማኖት አባቶች ገብተው የተጣለ ሕፃን እንደ የቲም (ወላጅ አልባ) ሊታይ እንደሚገባ ብይን ሰጡ፤ የየቲም አሳዳጊ ደግሞ በእስልምና ትልቅ ክብር አለው። በዚህ መንገድ ብዙ ሕፃናት ቤት አገኙ። መዋጮና የመልካም ምኞት ንግግር ለዓመታት ያልነቀለውን ኃፍረት የሼሆቹ ቃል አላላው።

የሱዳን ሕግ እኛ ጉዲፈቻ የምንለውን አያውቅም፤ የሚያውቀው ከፋላን ነው። አሳዳጊው ልጁን ሊመግብ፣ ሊያስተምር፣ ሊድር ይችላል፤ የራሱን ስም ግን አይሰጠውም። ቁርኣን ልጆችን በአባቶቻቸው ስም ጥሯቸው ይላልና። ነቢዩ ያሳደጉት ዘይድ እንኳ ከዚህ ትእዛዝ በኋላ ወደ አባቱ ስም ተመልሶ የሐሪሣ ልጅ ተብሏል። በከፋላ ያደገ ልጅ በቀጥታ አይወርስም፤ አሳዳጊው ግን እስከ ንብረቱ ሲሶ ሊናዘዝለት ይችላል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን የአሳዳጊዋን ጡት ከጠባ ደግሞ ሥጋ ለሥጋ ባይሆንም ዘመድ ይሆናል፤ ከቤቱ ልጆች ጋር አይጋባም፣ አድጎም እንደ ባዕድ አይሸሽም። የጡት ልጅና የጡት አባት የሚባል ሥርዓት ለነበረው የአማራ ሰው ይህ እንግዳ አይደለም፤ ትልቅ ሰው ጋር የተጠጋ ሰው በጡት ወግ ልጅ ይሆን ነበር፣ የወለደውንም አባት አይክድም ነበር።

ከፋላ እንከን አለበት። አባቱ የማይታወቅ ሕፃን በየትኛው አባት ይጠራል? ስም ይፈጠርለታል፤ ያ የተፈጠረ ስም ደግሞ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሲያገባ ይከተለዋል። ውርሱም ቢሆን አሳዳጊው ሳይናዘዝ በድንገት ቢሞት ልጁ ባዶ እጁን ይቀራል። ሆኖም አንድ ነገሩ ሊናቅ አይገባም፤ ልጁን ከአመጣጡ ሳይቆርጡ ማሳደግ እንደሚቻል አድርጎ መነሳቱ።

ኤፕሪል 15 ቀን 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ በማይጎማ ብዙ መቶ ሕፃናት ነበሩ። ሠራተኛው መምጣት አልቻለም፣ መብራት ተቋረጠ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አለፈ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ከ50 የሚበልጡ ሕፃናት ሞቱ፤ የምግብ እጥረት፣ የውኃ ጥም፣ ኢንፌክሽን። ጁን መጀመሪያ ላይ ቀይ መስቀልና ዩኒሴፍ የቀሩትን ወደ 300 የሚጠጉ ልጆች ከሞግዚቶቻቸው ጋር ወደ ዋድ መደኒ አወጧቸው። ዲሴምበር ላይ ዋድ መደኒም በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ወደቀች። በእነዚያ ወራት የካርቱም እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው በመተማ በኩል እኛ አገር ገብተዋል። የተሰደደ ልጅ በእናቱ ጀርባ ላይ ይሄዳል፤ ተቋም ውስጥ ያለ ሕፃን የተኩስ አቁም ድርድር መጠበቅ ነበረበት።

ይህ ለእኛ ምናችን ነው? ኢትዮጵያ ጥር 2010 ዓ.ም. ልጆቿን ለውጭ አገር ጉዲፈቻ መስጠት አቆመች። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,000 የሚበልጡ ሕፃናት ወደ አሜሪካ የሄዱበት ጊዜ ነበር፤ አንጀሊና ጆሊ እ.ኤ.አ. በ2005 ሕፃን ከወሰደች በኋላማ ጉዳዩ ፋሽን መስሎ ነበር። ከሄዱት መካከል በፍቅር ያደጉ ብዙ ናቸው። ሃና ዊሊያምስ ግን እ.ኤ.አ. በ2011 በዋሽንግተን ግዛት በአሳዳጊዎቿ እጅ ሞታለች፤ ሁለቱም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለዋል። አድገው የተመለሱ ወጣቶችም ወላጆቻቸውን ሲፈልጉ፣ ሞታለች ተብሎ የተጻፈባትን እናት በሕይወት ያገኙ አሉ። በሩ መዘጋቱ ተገቢ ነበር። ከተዘጋ በኋላ ግን ልጆቹን የምናሳድገው እኛው ነን።

የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 አንቀጽ 183 የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ትስስር እንደማይቋረጥ ይደነግጋል፤ ምርጫ ሲያስፈልግ ብቻ የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። ሕጉ ከፋላ ላይ ያለውን ቅንነት ይዞ የውርስ ጉድለቱን የሚሞላ ነው። በኦሮሞ ባህልም ጉዲፈቻ የሚካሄደው በአደባባይ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። ከተማ ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚበላሸው። ልጁ ከመጣ በኋላ ሰፈር የምትቀይር ሴት አለች፤ ቁርጥ አንቺን ይመስላል ሲሏት ፈገግ ብላ የምታልፍ አለች። ልጁ እውነቱን በአሥራ ስድስት ዓመቱ ከተጣላ የአጎት ልጅ አፍ ይሰማል። ያኔ የሚናደደው ከዚያ ቤት ባለመወለዱ አይደለም፤ ቤቱ ሁሉ አውቆ እሱ ብቻ ሳያውቅ በመኖሩ ነው።

የመካንነት ሐሜት ያለበት አገር ውስጥ ሴቷን ብቻ መውቀስ ቀላል ነው፤ ይህ ደግሞ አግባብ አይሆንም። ሱዳን ውስጥ ኃፍረቱን ያላላው ሼሁ ነው። እዚህም ቄሱ፣ ሼሁና ፓስተሩ ስለ ጉዲፈቻ ሲናገሩ የሚሰማው አልፎ አልፎ ነው፤ ለክርስትና፣ ለአቂቃ፣ ለልደት ሲጠሩ «ይህ ልጅ ያደገ ነው፣ የተወለደም ነው» ብለው በይፋ ቢባርኩ ለእናቲቱ ከማንኛውም ሥልጠና ይሻላታል። ፍርድ ቤቱም ጉዲፈቻውን ሲያጸድቅ የልጁን አመጣጥ የያዘ ፋይል ልጁ ሲያድግ የሚደርሰው መሆኑን በውሳኔው ቢያሰፍር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት ባለሙያም ልጅ ልትወስድ የተመኘችውን ሴት ቤት ሲጎበኝ ስለ ደመወዟና ስለ ክፍሎቿ ብዛት ከመጠየቁ በፊት፣ ለልጁ እውነቱን በስንት ዓመቱ፣ በምን ቃል ልትነግረው እንዳሰበች ይጠይቃት።