ጭንቅላቱ ለተጎዳ ሕጻን ሲቲ ስካን መቼ ያስፈልጋል?

ልጅ ከዛፍ ወድቆ፣ በአህያ ተረግጦ ወይም በባጃጅ ተገጭቶ ጭንቅላቱ ሲጎዳ ወላጅን የሚያስጨንቀው «አንጎሉ ተነክቶ ይኾን?» የሚለው ጥያቄ ነው። ለጥያቄው ፈጥኖ መልስ የሚሰጠው ሲቲ ስካን በአብዛኛው የሚገኘው በትላልቅ ከተሞች ነው። በመኾኑም የገጠር ቤተሰብ በሁለት ስጋት መካከል ይወድቃል፤ ላያስፈልግ ለሚችል ምርመራ ጥሪቱን ሸጦ መጓዝ፣ አሊያም አስቸኳይ ሕክምና የሚሻን ልጅ ቤት ማቆየት።

የምርመራው ዋጋ በገንዘብ ብቻ አይለካም። ሲቲ ስካን የሚሠራው በራጅ ጨረር ነው። ጨረሩ በማደግ ላይ ያለን አካል ይበልጥ ስለሚጎዳ ሕጻኑ ወደፊት በካንሰር የመያዝ ዕድሉን በጥቂቱ ይጨምራል። ስለዚህ «ለማንኛውም ይነሣ» ማለት ሁልጊዜ ጥንቃቄ አይደለም።

በአሜሪካ በ25 የድንገተኛ ሕክምና ክፍሎች ከ42 ሺህ በላይ ልጆችን ያካተተ ጥናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 ታትሟል። ጉዳታቸው ቀላል ከሚመስል 100 ልጆች መካከል 35 ያህሉ ሲቲ ስካን ሲነሡ፣ ከባድ የአንጎል ጉዳት የተገኘው ግን በ1 ልጅ ገደማ ነበር።

ከጥናቱ የተገኘው መመሪያ ልጆችን በሦስት ይከፍላል። እንቅልፍ እንቅልፍ የሚለው፣ የሚቅበጠበጥ፣ አንድን ጥያቄ የሚደጋግም ወይም የራስ ቅል ስብራት ምልክት ያለበት ልጅ ሳይዘገይ ይመረመራል። ራሱን ስቶ የነቃ፣ ያስመለሰው፣ ብርቱ ራስ ምታት ያለበት ወይም ከ1 ነጥብ 5 ሜትር በላይ ከፍታ የወደቀ በባለሙያ ክትትል ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ከባሰበት ወይም ምልክቶቹ ከተደራረቡ ይመረመራል። ምንም ምልክት የሌለበት ምርመራው አያስፈልገውም። ከሁለት ዓመት በታች ላሉ አሳሳቢው ከፍታ ከ90 ሴንቲ ሜትር ይጀምራል፤ በጭንቅላት ጎንና ኋላ የሚታይ እብጠትም ይታያል። እናት «ልጄ እንደ ወትሮው አይደለም» ማለቷ ራሱ እንደ አንድ ምልክት ይቆጠራል።

መመሪያው መሣሪያው በሌለበት ቦታ ይበልጥ ይጠቅማል። ጤና ጣቢያ ማንን በፍጥነት እንደሚልክ፣ ማንን አቆይቶ እንደሚከታተል ያመለክታልና። ውሳኔው ግን የባለሙያ እንጂ የቤተሰብ አይደለም። የቤተሰብ ድርሻ ልጁን ፈጥኖ ማድረስና ያየውን በትክክል መናገር ነው፤ ከየት ወደቀ? ራሱን ስቶ ነበር? ስንት ጊዜ አስመለሰው?

ወደ ቤት የተመለሰ ልጅ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ለመቀስቀስ ካስቸገረ ወይም ካንቀጠቀጠው ሌሊትም ቢኾን ተመልሶ መታከም ይኖርበታል።