ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ሻጭ ኪስ የሚገባው ለምንድን ነው?



ሰሞኑን በኮልፌ ቀራኒዮ መንደራችን አንድ ዓይነት እሮሮ ከብዙ ሰው እንሰማለን። በኛም ደርሷል። መደርደሪያው ላይ ባለ አምስት ሊትር ዘይት 1,250 ብር ተብሎ ተለጥፏል። ሂሳብ መክፈያው ጋ ስንደርስ ማሽኑ 1,390 ይላል። «ምነው?» ስንል፣ «ወረቀቱ የቆየ ነው፤ ሳናነሳው ቀርተን ነው፤ ካልፈለጋችሁ ተዉት» ነው መልሱ። ከኋላ ሰው ተሰልፏል፣ ልጅ ቤት ይጠብቃል፣ ይሉኝታም አለ፤ ከፍለን እንወጣለን። 140 ብራችን እዚያው ቀረ!

ለመሆኑ ይህ ስሕተት ነው? አንድ ቀን ቢሆን ነው እንል ነበር። በየሳምንቱ ሲደጋገምና አንድም ቀን ለገዢ ሳያደላ ሲቀር ግን ሌላ ስም አለው።

ሕጉ ዝም አላለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ እንዲለጥፍና ደረሰኝ እንዲሰጥ አዟል፤ ከለጠፈው ዋጋ በላይ መሸጥንም ከልክሏል። የተለጠፈው ዋጋ ታክስን እንደሚጨምር ይቆጠራል። «ቫቱ አልገባበትም» የምትለዋ ምክንያትም አታስኬድም።

ሕግ ቀመስ ነጋዴ ደግሞ «በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዋጋ መለጠፍ ብቻውን ውል አይሆንም» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ይህ ግን «አልሸጥም» ለማለት ቢያገለግል እንጂ ከተለጠፈው አስበልጦ ለመሸጥ ፈቃድ አይሆንም።

ፍርዱ ለሁለቱም ወገን እኩል ይሁን! በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ሲበላሽ፣ ሰዎች በሒሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ 801 ሚሊዮን ብር ያህል ተወስዶብኛል ብሎ «መልሱ» አለ፤ ያልመለሱትን ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ። ብዙዎች መለሱ፤ ደግ አደረጉ። የሰው ገንዘብ የሰው ነው። ታዲያ የእኛ 140 ብርስ የማን ነው?

እኛም እጃችን ንጹሕ ይሁን። ገንዘብ ተቀባይዋ ተሳስታ መልስ ብታበዛ እንመልስላት። ዜሮ ወድቆ 1,250ው 125 ተብሎ ቢጻፍ፣ ስሕተት መሆኑ እየታወቀ ዘይቱን ለመጫን አንሽቀዳደም። ሐቅ የምንጠይቅ ሐቅ እንስጥ።

ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት የተለጠፈውን ከማሽኑ እናስተያይ። ልዩነት ካለ ወረቀቱን በስልካችን ፎቶ እናንሳ። ደረሰኝ ሳንይዝ አንውጣ። ባለሱቁ አሻፈረኝ ካለ ለወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት እናመልክት። አንድ ሰው ብቻውን ሲናገር «ነገረኛ» ይባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ሲናገር ግን ወረቀቱ በማግሥቱ ይስተካከላል።

የተለጠፈ ዋጋ ይከበር!

የሰፈራችሁ ማኅበር