ጨዋ ከጨው አልመጣም

«ጨዋ» የሚለው ቃል «ጨው ያለው» ከሚለው የመጣ ነው፣ ስለዚህ ጨዋ ማለት ለኑሮ ጣዕም የሚሰጥ ሰው ነው የሚል ትንታኔ በቴሌግራምና በቲክቶክ ሲዞር ያላየ ያለ አይመስለኝም። ያምራል። አጭር ነው፣ ለማጋራት ይመቻል፣ አያቶቻችንንም ፈላስፋ ያደርጋል። ችግሩ ልክ አለመሆኑ ነው። እኔን የሚያናድደኝ ደግሞ ስህተቱ ብቻ አይደለም፤ ቃሉ የተሸከመው ታሪክ ከባድ ነው፣ ጨው ነስንሰንበት ስናልፍ የምንደብቀው ነገር አለ።

መጀመሪያ ፊደሉን እንይ። ግዕዝ «ጨ» የለውም፤ አማርኛ ለራሱ ድምፅ ሲል «ጠ»ን ጥቂት ለውጦ የሠራው ነው። እንግዲህ ጨ ያለበት የቆየ ቃል ስናገኝ ግዕዝ ላይ ማን ነበር ብሎ መጠየቅ ነው። (አማርኛ የግዕዝ ልጅ ነው ወይስ የእህቱ ልጅ የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን።) የግዕዙ «ሐጺር» አማርኛ ላይ «አጭር» ሆኗል። «ጼው» «ጨው» ሆኗል። «ፄዋ» ደግሞ «ጨዋ»። ጸ ወይም ፀ ሣልስና ኃምስ ላይ ሲደርስ አማርኛ ብዙ ጊዜ ወደ ጨ ቤት ይወስደዋል ማለት ነው። አሁን ሁለቱን ቃላት እዩዋቸው። ጼው በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፣ ፄዋ በፀሐዩ ፀ። ዛሬ አንድ ዓይነት እናነባቸዋለን እንጂ ድሮ የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ዓረብኛ እስከ ዛሬ ይለያቸዋል። ሞክሼ ፊደላት ይቀነሱልን ለሚሉ ወገኖች ይቺን በትሕትና አቀርባለሁ።

ኮድ የሚጽፍ ሰው ይሄን ነገር ያውቀዋል። ሁለት የተለያየ ግብዓት በአንድ ሕግ ሲያልፍ ተመሳሳይ ውጤት ሊሰጥ ይችላል። ውጤቱ ስለተመሳሰለ ግብዓቱም አንድ ነበር የሚል ሰው ፕሮግራሙን አላነበበም።

«ኧረ ተው፣ ቅኔ እኮ ነው» የሚል አይጠፋም፣ በተለይ እኛ ጎጃም። አዎ፣ ባለቅኔ ጨውን ከጨዋ ጋር በኅብር ሊያጫውት ይችላል፣ ያምርበታልም። ግን ኅብር የሚሠራው ባለቅኔው ሁለት ቃል መሆናቸውን ስለሚያውቅ ነው። አንድ ቢሆኑማ ምኑን ኅብር ሆነ! የቲክቶኩ ሊቅ ልዩነቱን ሳያውቅ ነው የሚያጫውተው።

ከእኛ በባሰ ድህነት የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ሉዊኛ በዛሬዋ ቱርክ ምድር ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው። ከሸክላ ጽላት በተገኘ አንድ የዘፈን መስመር ውስጥ «ዊሉሳ» የምትባል ከተማ «አላቲ» ከሚል ቃል ጋር ትጠራለች። ካልቨርት ዋትኪንስ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተመው ጽሑፍ ዊሉሳ ትሮይ ናት፣ ሆሜርም ከተማዋን ገደላማ እያለ ይጠራታል፣ ስለዚህ ቅጽሉ «ቀጥ ያለ፣ ገደላማ» ማለት ነው ብሎ ተከራከረ። ደጀን አፋፉ ላይ ቆሞ የአባይን በረሃ ቁልቁል ላየ ሰው ፍቺው ወዲያው ይገባዋል። ሌሎች ግን ተነሡና የለም፣ ቃሉ ቅጽልም አይደለም፣ «ከባሕር» ማለት ነው አሉ። አንድ መስመር ይዘው እንዲህ ይጠነቀቃሉ። እኛ ቃሉን በየቀኑ የምንናገር፣ ብራናው በየገዳሙ የሞላልን፣ በሠላሳ ሴኮንድ ቪዲዮ እንጨርሰዋለን።

ፄዋ ምንድነው ታዲያ? ምርኮ። «ፄወወ» ማለት ማረከ፣ አፈለሰ ነው። የባቢሎን ምርኮ በግዕዝ ፄዋዌ ይባላል። አዎ፣ «የጨዋ ልጅ» ብለን የምንኮራበት ቃል ሥሩ ምርኮኛ ነው።

መንገዱም እንግዳ አይደለም። በመካከለኛው ዘመን ጨዋ የሚባለው የንጉሡ ጦር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዘርዓ ያዕቆብ ጨዋውን በየአውራጃው እንዳሰፈረ ዜና መዋዕሉ ይናገራል። ከእነዚህ ጦሮች የአንዱ ስም ጃን አሞራ ነው፤ ሰሜን ተራራ ሥር ዛሬም የወረዳ ስም ሆኖ ይኖራል። የታሪክ ተመራማሪው ደረሰ አየናቸው ስለዚህ ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ2014 በጻፈው ጥናት ስሙን ከምርኮኛነት ጋር ያያይዘዋል። ይሄ የሚከብደው ሰው ግብፅን ይመልከት፤ ከ1250 እስከ 1517 የገዟት ማምሉኮች ስማቸው በዓረብኛ «በሰው እጅ ያለ፣ ንብረት» ማለት ነው። የተማረከ ወታደር ይሆናል፣ ወታደሩ መሬት ይተከላል፣ ባለ መሬቱ ባላባት ይሆናል፣ የባላባት ልጅ ደግሞ «ጨዋ» ይባላል። ደጀን የጦር ሜዳ ቃል መሆኑን እዚህ ከተማ ሁሉም ያውቃል፤ ጨዋ ላይ ስንደርስ ነው የምንደነግጠው።

ቤተ ክህነት ደግሞ ሌላ ትርጉም አላት። ካህን ያልሆነ፣ ያልተማረ ሁሉ ጨዋ ነው። የሚጸልይና የሚዋጋ በተለየበት ማኅበረሰብ ቃሉ ከጦረኛው ወደ ምእመኑ ሁሉ ቢሰፋ አይገርምም። እኔ የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬን ይዤ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ብገባ ያለ ክርክር ጨዋ ነኝ።

ሦስተኛው ትርጉም ነው የሚከብደው። የቆየውን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ክፈቱና ገላትያ ምዕራፍ 4ን አንብቡ፤ አጋር ባሪያይቱ ናት፣ የይስሐቅ እናት ጨዋይቱ። ጨዋ ማለት የማይሸጥ ሰው ማለት ነበር። በዚህች አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፣ ያን ጊዜ የነበሩ ሰዎች የልጅ ልጆቻቸውን አሳድገዋል። ስለዚህ አማላጅ ተልኮ፣ አጥንት እየተቆጠረ «ዘሩ ጨዋ ነው ወይ» ሲባል ጥያቄው ስለ ጠባይ አይደለም። ጠባይማ ልጁን አንድ ሳምንት አብሮ ውሎ ማየት ይበቃል። የሚጠየቀው ከቅድመ አያቶቹ ውስጥ የተሸጠ አለ ወይ ነው። የጨው ተረቱ ይሄን ጥያቄ ነው አጥቦ፣ ጣዕም ቀብቶ፣ ለሠርግ የሚያበቃው።

ወጣቷ መልስ ስትሰጥ «ጨዋ ልጅ አትመልስም» የሚለው ደግሞ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። የዱሮዎቹ ጨዎች ዝምተኛ አልነበሩም፤ የዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ደጋግመው የመዘገቡት ማመፃቸውንና ነገሥታት እነሱን ለመያዝ ያዩትን መከራ ነው።

ቃሉ ይጣል አላልኩም። ሲጠራኝ ደስ ይለኛል፣ ሰውም እጠራበታለሁ። ግን ልጅ ለመዳር የሰው አጥንት የሚቆጥር ሰው «ጨዋ» ሲል ቆጠራውን ፄዋ ድረስ ይውሰደው፣ ሰባት ቤት ላይ ለምን ይቆማል?