ብሎን በጉልበት አይገባም!

ቦርከና ዳር በሞተር ፓምፕ ሽንኩርት የምታለሙ ወገኖቼ፣ «12 ሚሊም ግማሽ ኢንችም ያው ነው» የሚላችሁን አትስሙ! ያው አይደለም። በድሮ የእንግሊዝ ሞተር ላይ ያለው የግማሽ ኢንች ብሎን ውፍረቱ 12.7 ሚሊ፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 2.1 ሚሊ ገደማ ነው። የ12 ሚሊው ብሎን ጥርስ ግን 1.75 ነው። አንድ ሁለት ዙር ይገባና ይይዛል። ያኔ መፍቻው ላይ ቱቦ ሰክታችሁ ስትታገሉ ጥርሱ ይላጣል፤ የውሃ ተራችሁም ያልፋል። እኔም ሥራ ስጀምር እንዲሁ አድርጌ የሰው ፓምፕ አበላሽቻለሁ፣ እስካሁን ያሳፍረኛል።

መፍቻውም ያታልላል፤ በድሮው የእንግሊዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው የብሎኑ ውፍረት እንጂ የመፍቻው አፍ ስፋት አይደለም።

አሮጌውን ብሎን ሳትይዙ ሱቅ አትሂዱ። አዲሱ ዳዶ በጣት ብቻ ካልዞረለት፣ እዚያው መልሱት።